ኦና ቤትም ይጠየቃል፦ «የጠፋ መንደር ታሪክ የለውም» ላሉት ጸሐፊ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ በወረቀት የታተመ ጽሑፍ አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠልኝ። «አንተን ይነካል፤ ግን መጀመሪያ ቡናህን ጨርስ» አለኝ። አልሰማሁትም። ሁለተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ቡናው ቀዝቅዟል።

ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው። በጎንደር ዙሪያ የጠፉ የገጠር መንደሮችን ታሪክና የሰዎቹን የዘር ሐረግ መፈለግ ከንቱ ልፋት ነው። አምስት ምክንያት ያቀርባሉ። ገጠሩ የተጻፈ ነገር የለውም። ሽማግሌ የሚቆጥረው ዘር ለመሬት ሙግት የተፈበረከ ነው። መንደሩ አንዴ ከጠፋ ቦታው ላይ የሚታይ ነገር፣ የሚጠየቅም ሰው የለም። ዘሩን ማወቅ ያማረው ዲኤንኤ ያስመርምር። ደግሞስ የጎንደር ታሪክ የፋሲል ግቢ ነው እንጂ የጭቃ ጎጆ አይደለም።

በመሀል ግን አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች። የአያታቸውን መንደር በስም ይጠሩና «ዛሬ የለም፤ ስሙም ከእኔ ጋር አብሮ ይቀበራል» ይላሉ። ይህችን ካነበብኩ በኋላ ንዴቴ በረደ። የሚጽፉት እንደ ተቺ ይሁን እንጂ ድምፃቸው የሐዘንተኛ ነው።

እኔ የታሪክ ምሁር አይደለሁም። ኑሮዬ ጎንደር ከተማ ነው፤ የእናቴ አገር በለሳ። የእናቴ መንደርም ዛሬ ኦና ነው። ስሙን እዚህ አልጽፍም፤ ለምን እንደሆነ ወደ ታች እናገራለሁ። ዕረፍት ባገኘሁ ቁጥር ፍለጋ እወጣለሁ። ባለቤቴ «ሙታን ጠሪው» ትለኛለች። የምመልሰው እንግዲህ በዚሁ ዞር ዞር ስል ካየሁት ተነስቼ ነው።

«ገጠሩ የተጻፈ ነገር የለውም»

ግማሹን እቀበላለሁ። በአገር አቀፍ ደረጃ የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያው የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1976 ዓ.ም. ነው። እናቴ የተወለደችበትን ቀን የሚናገር ወረቀት የለም። «ለጥምቀት ሰሞን ነው አሉ» ከማለት በቀር እሷም አታውቀው።

ግን ገበሬን ማን ይጽፈዋል? ከእሱ የሚፈልገው ነገር ያለው ሰው ነው። ደብሩ መሬቱን ይፈልጋል። ጭቃ ሹሙ ግብሩን ይፈልጋል። ተሟጋቹ ምስክርነቱን ይፈልጋል። ወረቀቱም ያለው በእነዚህ በሦስቱ ደጃፍ ነው። ጸሐፊው የልደት መዝገብ ፈለጉ፣ አጡ፣ «የለም» ብለው ዘጉት። እህል በረንዳ ገብቶ ዘይት አጣሁ እንደማለት ነው።

ከደብሩ እንጀምር። በጎንደር ዘመን የመሬት ስጦታ፣ ሽያጭና ውርስ የሚጻፈው በወንጌሉ ባዶ ገጾችና ኅዳግ ላይ ነበር። ወንጌል ላይ የተጻፈ ቃል ይከበራል፤ የሚፍቀው ሰው ግዝቱን ይፈራል። (ያልፈራም አለ። የተፋቀ ቦታ ስታዩ እዚያ ጠብ እንደነበር ዕወቁ።) ሻጩ፣ ገዢው፣ ዳኛው፣ ምስክሮቹ በስም ይዘረዘራሉ። ከመሬት ባለቤቶቹና ከሻጮቹ መካከል ሴቶች አሉ። ዶናልድ ክራሚ የተባሉት የታሪክ ተመራማሪ ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር እነዚህን ጽሑፎች ሰብስበው ለዓመታት አጥንተዋል። ስለዚህ «ማንም አልነካውም» የሚባል ነገርም አይደለም።

ችግሩ መጻሕፍቱ ሁሉ በቦታቸው አለመኖራቸው ነው። አፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ሲያራቁቱ ብዙ መጽሐፍ ወደ መቅደላ ሄደ። በሚያዝያ 1860 እንግሊዞች መቅደላን ሲይዙ ደግሞ 350 ያህሉ ለንደን ገባ። የአንድ የደንቢያ ወይም የበለሳ አጥቢያ ስም ዛሬ ለንደን መደርደሪያ ላይ ሊገኝ ይችላል ማለት ነው። በሌላ በኩል ከእ.ኤ.አ. 1973 ጀምሮ በሺህ የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነስተዋል። ቅጂያቸው አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ አለ። ከዝርዝሩም ብዙውን ያዘጋጁት ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። ዝርዝሩን ስታነቡ የመጽሐፉን ርዕስ ብቻ አትዩ። «መጨረሻው ገጽ ላይ የመሬት ማስታወሻ አለ» የምትለዋን አጭር መስመር ፈልጉ። የእኛ ጉዳይ እሷ ናት።

መጽሐፉ ደብሩ ውስጥ ካለ ደግሞ የሚጠየቀው ቄሰ ገበዙ ነው። ዕቃ ቤቱ በእሱ እጅ ነው። እኔ የመጀመሪያ ጊዜ ስሄድ ገና ደጀ ሰላሙን ሳልሻገር ስልኬን አውጥቼ ፎቶ ማንሳት ጀመርኩ። በአክብሮት ሸኙኝ። በሁለተኛው ከሀገረ ስብከት ደብዳቤ ያዝኩ፣ ጧፍና ዕጣን ገዛሁ፣ ስልኬን ኪሴ ውስጥ አደረግሁ። ግማሽ ቀን ስለ ክረምቱ አወራን። ከሰዓት በኋላ መጽሐፉ ወጣ።

የግብሩን ደጃፍ ያገኘሁት ቤታችን ውስጥ ነው። የእናቴን አጎት «አያ» ነው የምንላቸው። አያ ቤት አንድ ሙዳይ አለች። ሲከፍቷት እጃቸውን ታጥበው ነው። ነጠላ ጨርቅ ይፈታል፤ በውስጡ ላስቲክ አለ፤ በላስቲኩ ውስጥ አንድ እፍኝ የግብር ደረሰኝ። ወረቀቱ ሻይ የፈሰሰበት ይመስላል። ምስጥ መሀሉን በልቶት አንዱ ለሁለት ተከፍሏል። የከፋዩ ስም አለ፣ የአባቱ ስም አለ፣ ከዚያ መሬቱ በማን ስም እንደሚጠራ ተጽፏል። ያ ስም የአቅኚው ነው፤ መንደሩን መጀመሪያ ያቀናው አባት። አያ ማንበብ አይችሉም። ግን የትኛው ወረቀት የየትኛው ዓመት እንደሆነ በጣታቸው ዳብሰው ያውቁታል።

ከደረሰኞቹ መሀል በእርሳስ የተጻፈ አንድ የሽማግሎች የወሰን ውል ነበረች። «በምሥራቅ ይህ፣ በምዕራብ ያ» እያለች አራት ስም ትጠራለች። ከአራቱ ሁለቱን ዛሬ የበለሳ ልጅ አያውቃቸውም። ወደዚች ወረቀት እመለሳለሁ።

የሙግቱን ደጃፍ በአጭሩ ልለፈው፤ ያበሳጨኛል። በአንድ መሥሪያ ቤት የድሮ መዝገቦች ከደረጃ ሥር ተከምረው አገኘሁ። ለመግባት ሦስት ቀን ደጅ ጠናሁ። በአራተኛው ቀን ተፈቀደልኝ፤ አቧራው ሳል አስይዞ መለሰኝ። ቢሆንም ሁለት ፋይል አንብቤያለሁ፤ ሁለቱም ውስጥ የማውቃቸው ስሞች ነበሩ።

ለሚሞክር ሰው ሁለት ነገር ልንገር። አንደኛ፣ ስሙን በአንድ ፊደል ብቻ አትፈልጉ። ኃይሉ፣ ሐይሉ፣ ሀይሉ አንድ ሰው ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ደብሩ የሚያውቀው የክርስትናውን ስም ነው። መንደር ውስጥ «ደስታ» ሲባል የኖረው ሰው ቤተ ክርስቲያን ዘንድ «ገብረ ሚካኤል» ነው። እኔ አንዱን ሰው ሁለት አድርጌ ቆጥሬ አንድ ዓመት ተሳስቻለሁ።

«የዘር ቆጠራ የመሬት ውሸት ነው»

ቡናዬን ያቀዘቀዘው ይኸኛው ነው።

ለመሬት መሆኑ ልክ ነው። በበጌምድርና ስሜን የርስት ሥርዓት፣ ቆጥሮ አቅኚው ዘንድ የደረሰ ሁሉ ድርሻ ይጠይቃል፤ በአባቱም፣ በእናቱም በኩል። ዘር መቁጠር እንጀራ ነበር። ሰው ደግሞ ለእንጀራው ይዋሻል። ግን ተቃራኒውም ወገን ይቆጥራል እኮ! አንዱ «በሴት አያቴ በኩል ስምንተኛ ነኝ» ሲል ሌላው «እሷማ መካን ነበረች» ብሎ ይነሳል። ምስክር ይቆማል፣ መሐላ ይኬዳል። እኔ የማደርገው ቀላል ነው። የሁለቱን የተጣሉ ወገኖች ቆጠራ ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ። የተጣሉበትን ለጊዜው እተወዋለሁ። የተስማሙበትን ስም እይዛለሁ። ደመኞች ተስማምተው የጠሩት አያት ከልደት ወረቀት አያንስም።

ደግሞም ዘር የሚቆጠረው ለመሬት ብቻ አልነበረም፤ ለጋብቻም ነው። እስከ ሰባት ቤት ድረስ ዘመድ አይጋባም። ልዩነቱን እዩልኝ። ለመሬት ሲቆጥር ሰው ዘመዱን ይቀንሳል፤ ተካፋይ ይበዛበታላ። ለጋብቻ ሲቆጥር ግን የተረሳው ሁሉ ይጠራል፤ ኃጢአት ነዋ።

ይህን የተማርኩት ተሳስቼ ነው። እማሆይ የአያቴ የአክስት ልጅ ናቸው። ከመነኮሱ ቆይተዋል፤ አሁን ጎንደር ከተማ ልጃቸው ዘንድ ይኖራሉ። መጀመሪያ የሄድኩ ለት ደብተሬን ዘርግቼ፣ እስክሪብቶዬን ከፍቼ «እማሆይ፣ ዘራችንን ይቁጠሩልኝ» አልኳቸው። መቁጠሪያቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። ወገባቸውን ቀና አደረጉ። ድምፃቸው ተለወጠ። ዘጠኝ ስም እንደ ገመድ ቀጥ አድርገው አቅኚው ዘንድ አደረሱልኝ። አንድም ቅርንጫፍ የለው። ሲጨርሱ «ችሎቱ መቼ ነው ልጄ?» አሉኝ።

እኔ ሳቅሁ፤ እሳቸው አልሳቁም። በእሳቸው ዕድሜ ወረቀት ዘርግቶ ዘር የሚጠይቅ ሰው ጉዳዩ አንድ ብቻ ነበር። የሰጡኝም ለዳኛ የሚሰጠውን ቆጠራ ነው።

ከወራት በኋላ ያለ ደብተር ሄድኩ። ቡና ተፈላ፤ ሁለተኛው ላይ ደረስን። ወሬ በወሬ ሆነን ከመንደሩ ማዶ ያለ አንድ ቤተሰብ ጠራሁና «የእነሱን ልጅ ባገባ ኖሮስ እማሆይ?» አልኳቸው። ክው አሉ። «ምን ነካህ አንተ! ሰባት ቤት መች ሞላችሁ!» ከዚያ ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩ። በመሀል አንዲት ሴት ብቅ አለች። የአያቴ አያት እህት ናት። ስሟን ሰምቼ አላውቅም።

«ያን ጊዜ ለምን አልጠሯትም?» አልኳቸው።

«ያን ጊዜ የጠየቅኸኝ ርስት ነዋ። እሷን ከጠራኋት ልጆቿ ይካፈሉሃል።»

እንግዲህ ጸሐፊው «ውሸት» የሚሉት ይህንን ነው። እኔ ግን እማሆይ የዋሹኝ አይመስለኝም። የጠየቅኳቸውን መለሱ። አጠያየቄ ነው የተሳሳተው።

«ሽማግሌ ዓመት ያምታታል» ይላሉ ደግሞ። ዓመተ ምሕረቱን ያምታታል፤ ወንጌላዊውን ግን አይስትም። አያ ስለ ታላቅ ወንድማቸው ሲነግሩኝ «በዘመነ ማርቆስ ነው የተወለደው፤ ጣልያን ሲገባ ጡት አልጣለም» አሉ። ሒሳቡ ቀላል ነው። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሩና ለ4 አካፍሉ። 1 ከተረፈ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ። ጣልያን ጎንደር የገባው በመጋቢት 1928 ነው። ከዚያ በፊት ያሉት የማርቆስ ዓመታት 1926 እና 1922 ናቸው። የ1922 ልጅ በ1928 ጡት አይጠባም፤ እረኛ ሆኗል። ስለዚህ 1926 ነው። መዝገብ የለም ለሚለው ሰው ይህ ትንሽ አይደለም። የኅዳር በሽታንም (1911 ዓ.ም.)፣ የሰባ ሰባትን ድርቅም እንደዚሁ እንደ ችካል መትከል ይቻላል።

ጸሐፊው ቆጠራውን መውቀስ ከፈለጉ በዝምታው ይውቀሱት፤ እኔም አብሬያቸው እቆማለሁ። ርስት ያልነበረው ሰው አይቆጠርም። ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ በባርነት የመጣው ሰው ያቺው መንደር ውስጥ ኖሩ፣ ወለዱ፣ ሞቱ። በእማሆይ ዘጠኝ ስም ውስጥ ግን የሉም። በጣት ተቆጥሮ በመጣው ቆጠራም የሉም። የቀጥቃጩን ቤት ያገኘሁት እርሻ መሀል ነው። ብረት ሲቀልጥ የሚተርፈው ጥቁር፣ አረፋ የመሰለ፣ ግን እንደ ድንጋይ የከበደ ዝቃጭ አፈሩ ውስጥ ተበትኗል። አራሹ ልጅ «ማረሻ ይሰብራል» እያለ ወደ ወሰኑ ይወረውረዋል። የማን ቤት እንደነበር ጠየቅሁት። ትከሻውን ሰበቀ። አያን ጠየቅሁ። «እዚያ ሰው አልነበረም» አሉኝ፤ ወዲያው ደግሞ «ማረሻችንን እዚያ ነበር የምናሠራው» አሉ። ሁለቱንም የተናገሩት በአንድ ትንፋሽ ነው።

የመንደሩን ስም ያልጻፍኩት ለዚህ ነው እንግዲህ፦ ዘመዶቻችን ዛሬም በይዞታ ይካሰሳሉ። አዋጁ በየካቲት 1967 ርስትን ሽሯል። ዛሬ የይዞታ ደብተሩም ሌላ ነው፤ ሕጉም ሌላ ነው። ግን የወሰን ጠብ አዋጅ አይሽረውም። የእማሆይ ቡና ላይ የወጣች ሴት በእኔ እጅ ችሎት እንድትቀርብ አልፈልግም።

አዋጁ ካመጣው አንዱ ነገር ይህ ነው፤ ከ1967 በኋላ ያደገ ልጅ አቅኚውን መቁጠር የሚያስገድደው ጉዳይ አልነበረውም። ያኔ ሃያ ዓመት የሞላው ሰው ዛሬ ሰባን አልፎ ወደ ሰማንያ እየተጠጋ ነው። ጸሐፊው «ሽማግሌ አለቀ» ሲሉ ብዙ አልተሳሳቱም። ግን አላለቀም። እየተጠጋ ነው።

«ቦታው ላይ የሚታይ ነገር፣ የሚጠየቅም ሰው የለም»

ኦና ሄደው የሚያውቁ አይመስለኝም።

የእናቴ መንደር ላይ ቤት የለም። ቁልቋል ግን አለ። በሜዳ መሀል ቀጥ ብሎ የተሰለፈ ቁልቋል በራሱ አይበቅልም፤ አጥር ነው። ሰንሰል ካያችሁም እንደዚሁ። ሣሩ ከሌላው ይልቅ ጠቁሮ፣ ሰፍቶ የበቀለበት ክብ ቦታ አመድ መድፊያ ወይም በረት ነበር። መሬቱ ተደልድሎ የጠነከረበት አውድማ ነው። ከአንዱ ቁልቋል ጀርባ ሦስት ጉልቻ አገኘሁ። ምድጃው ፈርሷል፣ ጣሪያው የለም፣ ግድግዳው የለም። ሦስቱ ድንጋዮች ግን ድስት እንደሚጠብቁ ሁሉ ፊት ለፊት ተያይተው ተቀምጠዋል። አንደኛው በአንድ ጎኑ እስካሁን ጥቁር ነው። እናቴ አብራኝ ነበረች። ተቀመጠችና ረጅም ጊዜ አልተነሳችም።

የማን ቤት ነው? ይህንን የነገረችን ሙሾ ናት። በእኛ አገር አልቃሽ የሟቹን አባት ትጠራለች፣ አገሩን ትጠራለች፣ ደጃፉን ሳይቀር ትጠራለች። እናቴ በልጅነቷ ለአንድ ዘመዳችን የተለቀሰውን ታስታውሳለች፦

ከጥድ ሥር ነው ቤቱ፣ ከምንጩ በላይ፣
ሰው የለም ወይ በሉኝ፣ ጭስ አይታይም ወይ?

ጥዱ ተቆርጧል፤ ጉቶው አለ። ምንጩ ደርቋል፤ ድንጋዩ ላይ የውኃው መንገድ ይታያል። ከጉቶውና ከምንጩ መሀል ያለው ሦስት ጉልቻ የማን እንደሆነ እንግዲህ ታወቀ። ጂፒኤስ ይህን አይሠራም።

ከላይ ማየት ለሚፈልግም መንገድ አለ። ጣልያኖች በወረራው ዘመን የአገራችንን ብዙ ክፍል ከአውሮፕላን ፎቶ አንስተው ነበር። ከ8 ሺህ በላይ የሚሆኑ የፎቶ ሰሌዳዎች አዲስ አበባ ካርታ ሥራዎች ድርጅት ውስጥ ተቀምጠው ተገኝተው ጥናት ተሠርቶባቸዋል። አሜሪካኖች ደግሞ ከእ.ኤ.አ. 1960 እስከ 1972 ድረስ በሳተላይት ለስለላ ያነሱትን በእ.ኤ.አ. 1995 ለሕዝብ ከፍተውታል። ኮሮና ይባላል፤ ከበሽታው ጋር አይገናኝም። አሮጌ የአየር ፎቶ ላይ ጎጆ እንደ ነጥብ፣ አጥር እንደ ቀጭን ክር ይታያል። ነጥቦቹን ቆጥራችሁ ከሽማግሌው ጋር «ይሄ የማን ነው፣ ያኛውስ?» መባባል ነው።

መንደር አንዴ ብቻ አይጠፋም፤ ጸሐፊው ይህንንም አልፈውታል። ደርቡሾች በ1880 ዓ.ም. ጎንደርን ሲያቃጥሉ፣ ከብቱ በበሽታ ሲያልቅ፣ ክፉ ቀን ሲመጣ ብዙ ቀዬ ባዶ ሆኗል። በኋላ ሌላ ሰው ገብቶ አቀናው፤ በዚያው በድሮው ስም ጠራው። በእኛም ቆጠራ እዚያ ላይ አንድ ትውልድ ዘሏል። ዘጠኙ ስም አሥር መሆን ነበረበት። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ሰባ ሰባት መጣ፤ በመጨረሻ ወጣቱ መሬት ፍለጋ ወደ መተማና ቋራ ወረደ። የእኛ መንደር የተዘጋው በዚህኛው ነው። ማንም አላፈረሰው። በር የሚዘጋ ሰው ጠፋ።

ሰዎቹ ግን አሉ። መተማ አሉ፣ ጎንደር ቀበሌ ውስጥ አሉ፣ እድር ውስጥ አሉ። እነሱን ማግኘት የሚፈልግ ሰው አንድ ቀን ይበቃዋል፦ የደብሩ ዓመታዊ ንግሥ። መንደሩ ቢጠፋም ደብሩ ከጥዶቹ ጋር እዚያው ነው። በዚያ ቀን ከቆላም ከከተማም ይመጣሉ። ጠላ ሲቀርብ ዘር መቁጠር ሳይጠየቁ ይጀምራሉ።

ሌላም ምሳሌ አለ፤ እዚሁ አጠገባችን። ወደ ደባርቅ ስትወጡ ወለቃን ታልፋላችሁ። ቱሪስት ሸክላ ይገዛበታል። ወለቃም፣ አምቦበርም የቤተ እስራኤል መንደሮች ነበሩ። ብዙዎቹ በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል ወጡ፤ ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ደግሞ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተወሰደ። የአምቦበርን ዘር መቁጠር የሚችል ሽማግሌ የፈለገ ዛሬ እስራኤል፣ ኔታንያ ይሂድ። የጠፋ መንደር ይባላል? ተዛወረ እንጂ። የድሮ ወረቀት ላይ የሚፈልግ ደግሞ «ፈላሻ» የሚለውን ቃል ማየቱ አይቀርም፤ የጻፉት ሌሎች ናቸው፣ ባለቤቶቹ ስሙን አይወዱትም። ለፍለጋ ይጠቅማል፤ ለመጥሪያ አይሆንም።

የስሜን ፓርክ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደርም እንደዚሁ። ፓርኩ በ1970 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ ሆነ፤ ኅዳር 1989 ላይ አደጋ ውስጥ ካሉት ቅርሶች ጋር ተመዘገበ። አብዛኞቹ ሙስሊሞች የሆኑት የግጭ ነዋሪዎች በ2008 ዓ.ም. ወጥተው ደባርቅ ሰፈሩ። በቀጣዩ ዓመት ሰኔ ላይ ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ። ዋልያው ዳነ አልዳነ የሌላ ሰው ክርክር ነው። እኔ የምለው፣ የግጭን ቀዬ፣ የግጭን መቃብር፣ የማን ማሳ የት እንደነበር የሚያውቁት ሰዎች አሁን ደባርቅ ተቀምጠው ሻይ እየጠጡ ነው። ሠላሳ ዓመት ጠብቀን «የሚጠየቅ ሰው የለም» ልንል ነው?

«ዲኤንኤ ያስመርምር»

ያስመርምር። ገንዘቡ የራሱ ነው። ውጤቱ ሲመጣ «ምሥራቅ አፍሪካ» የሚል ነገር ይነግረዋል። ይህን በለሳ ያለች አክስቱ በነፃ ትነግረው ነበር። ከዘመድ ጋር የሚያገናኘው ዘመዱም ከተመረመረ ብቻ ነው፤ የበለሳ ሰው ደግሞ ምራቁን ለምርመራ በፖስታ አልላከም። ሕፃን ሆኖ ከቤተሰቡ ለተለየ ሰው ትልቅ ነገር ነው፤ አልክድም። መንደር ለሚፈልግ ግን ምራቅ የቦታ ስም አያወጣም።

«የጎንደር ታሪክ የፋሲል ግቢ ነው»

ግቢውን እወደዋለሁ። ልጆቼን እዚያ ነው የማጫውተው። ግን ግቢው ጤፍ አይዘራም። የአፄዎቹ ግብር የተበላው፣ የደብሮቹ ካህናት የኖሩት ከየገጠሩ በሚመጣው የጉልት መሬት ግብር ነው። የእነዚያ መንደሮች ስም ደግሞ የተጻፈው በዚያው በነገሥታቱና በእቴጌዎቹ ስጦታ ላይ ነው። ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን እቴጌ ምንትዋብ ሲያቋቁሙ መተዳደሪያ መሬት ሰጥተዋል። ያ መሬት ሰው የሌለበት አልነበረም። ግንቡን ያየ ሰው ዝርዝሩንም ቢያይ ጥሩ ነው።

አሁን ወደዚያች የእርሳስ ወረቀት ልመለስ፤ ጸሐፊውንም ፊት ለፊት ላናግራቸው።

የአያትዎን መንደር ስም ጽሑፍዎ ላይ ጠርተዋል። «ከእኔ ጋር ይቀበራል» ያሉትን። ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አነበብኩት፤ ከዚያ ወደ አያ ቤት ደወልኩ። ሙዳይዋን አስከፈትኩ። በስልክ የወንድሜ ልጅ አነበበችልኝ። የወሰኑ ውል ላይ «በምሥራቅ» ከሚለው ቀጥሎ ያለው ስም የእርስዎ ነው። እኛ ከማናውቃቸው ከሁለቱ አንዱ። ከወንዙ ማዶ ነበራችሁ። ከሥር በጣት አሻራ የፈረሙት የሦስት ሽማግሎች ስም አለ፤ አንዱ በእናንተ ወገን የቆሙ ናቸው። አባትዎ የነገሩዎት ስም ይሁን አይሁን እኔ አላውቅም፤ እርስዎ ያውቁታል።

ጎንደር ሲመጡ ፒያሳ እንገናኝ። ወረቀቷን አያ አይሰጡኝም፤ ፎቶዋን ግን ይዤ እመጣለሁ። ቡናውን እኔ እጋብዛለሁ። አንድ ነገር ግን ቀድሜ ልጠይቅዎ፦ በእናትዎ በኩል ማን ይባላሉ? እማሆይ ሰምተው «ዝም ብለህ አትዛመድ፣ መጀመሪያ አስቆጥር» ብለውኛል።